በፍልሰታ የሮጠው ቡድን

«እትዬ፣ ሣር በሚታጨድበት ቀን ለምንድን ነው መስኮት የሚዘጉት?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሽታው የሚያስጠላኝ መስሎሽ ነበር። አስጠልቶኝ አይደለም። አዲስ የታጨደ ሣር በሸተተኝ ቁጥር አንድ የነሐሴ ረፋድ ተመልሶ ይመጣብኛል። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ዘለል ይላል፤ እጄም ሳላዘው መስኮቱን ይስበዋል። ያን ቀን ሳልነግርሽ ቀረሁ፤ ዛሬ ልንገርሽ።

ያን ረፋድ ቶሮንቶ፣ ሪጀንት ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ ከነበርንበት ፎቅ ጀርባ ያለው ሜዳ ገና ታጭዶ ሣሩ አልተነሣም ነበር። ሙቀቱ ከላይም ይወርዳል፣ ከታችም ይወጣል። እኔ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ልጄ ልምምድ ሲሠራ አያለሁ። የሌሎቹ ልጆች ማልያ ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል፤ ላባቸው ከአገጫቸው ይንጠባጠባል። የእኔ ልጅ ማልያ ግን ደርቋል። ከሁሉም አብልጦ የሚሮጠው እሱ ሆኖ፣ ማልያው ገመድ ላይ እንደዋለ ልብስ በነፋስ ይርገበገባል። ፊቱ ዐመድ መስሏል። ኳሷ በአጠገቡ አለፈች፤ እሱ ግን ወደ ሌላ ቦታ አየ።

ልቤ የወደቀው ያን ጊዜ ነው። ሰው ውስጡ ሲደርቅ ምን እንደሚመስል በሱዳን መንገድ አይቻለሁ። ያኔ ይኸው ልጅ ጀርባዬ ላይ የታዘለ ሕፃን ነበር። አብረውን ከተነሡት ውስጥ መጀመሪያ ላባቸው የቆመው፣ ቀጥሎ ደግሞ የማይሆን ቦታ ማየት የጀመሩት፣ ከእኛ ጋር አልደረሱም። ይኼንን ለልጄ ነግሬው አላውቅም። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ግን ከዚህ ብጀምርልሽ አሠልጣኙን ትጠዪብኛለሽ። እሱን እንድትጠዪው ደግሞ አልፈልግም። ስለዚህ ከፊተኛው ልነሣ።

የፊተኛው አሠልጣኝ ታክሲ ነጂ ነበር። ልጆቹ «ጋሼ» ይሉታል። ሆዱ ቀድሞት የሚመጣ፣ ሳቂታ ሰው። ታክሲውን ሜዳው ጠርዝ ላይ ያቆምና በሩን ከፍቶ፣ አንድ እግሩን ወደ ውጭ አንጠልጥሎ፣ ከወንበሩ ሳይነሣ ያሠለጥናል። ሥራ ከተጠራ «መጣሁ፣ እናንተ እርስ በርሳችሁ ተጫወቱ» ብሎ ጭልጥ ይላል። ሲመለስ ማን እንዳገባ እንኳ አይጠይቅም።

ልጆቹ ሁሉም ከእኛው ፎቆችና ከአካባቢው የተሰበሰቡ የሐበሻ ልጆች ናቸው። በጋሼ ዘመን ኳስ ሲጫወቱ ለጉድ ያምሩ ነበር፤ ማሸነፍ የሚባል ነገር ግን አያውቁም። አንዱ በተጋጣሚው እግር መሃል ኳስ ካሳለፈ፣ በቃ፣ ጨዋታው በእነሱ በኩል ያልቃል። የራሳቸው ተከላካይ ሳይቀር ቦታውን ትቶ መጥቶ በደስታ እጁን ይመታዋል። ይኼኔ ተጋጣሚዎቹ ኳሷን ይዘው ሄደው ባዶ ቦታ ላይ ያገባሉ። ተሸንፈው አንገታቸውን ደፍተው ሲመጡ ጋሼ ከታክሲው ውስጥ እንደተቀመጠ «ያቺን ያሳለፍካትን አየኋት እኮ፣ የኔ ጌታ! እሷው ትበቃናለች!» ይላል። ሁሉም ይስቃሉ። እኛ እናቶች ብርቱካን እየቆረጥን እናድላለን፤ ጣታችን እስከ ማታ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል።

እኔ ጋሼን እወደው ነበር። ልጄን አያስሮጥብኝማ! ልጄ ወድቆ ጉልበቱ ትንሽ ከተላጠ «በል ሂድ፣ እናትህ ትይህ» ብሎ ያስወጣዋል። አንድ ነው ያለኝ። አባቱ ገና ልጁ ሳይወለድ ከቤት እንደወጣ ቀረ፤ ሄደ ሳይሆን ቀረ ነው የምለው። ያን ጊዜ እኔ ራሴ ልጅ ነበርኩ። ቶሮንቶ ስንደርስ ሰው ወንድምና እህት እንጂ እናትና ልጅ አንመስለውም ነበር።

ልጄ በዚያ ጊዜ ዐሥራ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ቀጭን፣ ሲቀመጥ እንደ ጨርቅ የሚተጣጠፍ ልጅ። ትምህርት ቤት ካልሆነ ሶፋ ላይ ነው። በአማርኛ ስጠይቀው በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ እሱንም ትከሻውን ነቅነቅ እያደረገ። «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» ስለው «ፋይን»፤ «ምን ተማርክ?» ስለው «ናቲንግ»። ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን አላውቅም ነበር። ይኼ ያስፈራኝ ነበር፤ ግን ሶፋው ላይ እስካየሁት ድረስ በሕይወት አለልኝ።

ከዚያ ጋሼ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አወጣና ከተማ ለከተማ ጭነት ማመላለስ ጀመረ። ሊሰናበት የመጣ ቀን በረኛው ጓንቱን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እኔም ዕንባዬ መጣ።

አዲሱ አሠልጣኝ የመጣው በረዶው ከሜዳው ጥግ ጥግ ገና ሳያልቅ ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ፊቱ በቀላሉ የማይፈታ ሰው። አገር ቤት የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ያሠለጥን ነበር አሉ። እዚህ ሬክስዴል በኩል ዳቦ ፋብሪካ ሌሊት ሌሊት ይሠራል። መኪና የለውም፤ በባስና በሐዲድ በሚሄደው ስትሪትካር ነው የሚመጣው። ሲጠጋሽ ልብሱ እርሾ እርሾ ይላል። መቀመጥ አያውቅም። ዝናብ ሲጥል እንኳ መሃል ሜዳ ላይ እንደ ምሰሶ ተተክሎ ያያል።

የመጀመሪያ ቀን ልጆቹን ሰበሰበና ኳሶቹን ከረጢት ውስጥ ከትቶ አፉን ቋጠረው።

«ኳሷስ?» አለው አንዱ።

«ስትሠሩላት ትመጣለች። ሩጡ!»

ሮጡ። ደግሞ ሮጡ። ከልጆቹ አንዱ ወገቡን ይዞ «ዚስ ኢዝ ክሬዚ!» ብሎ ጮኸ።

«ምን አለ?» አለ አሠልጣኙ።

በረኛው ቀልጠፍ ብሎ «ደስ ብሎኛል ነው የሚለው፣ ኮች» አለው።

«ደስ ያለው እንግዲህ ሁለት ዙር ይጨምር። አስተርጓሚውም አብሮት ይሂድ።»

ለእኛ ለእናቶቹም አልተመለሰም። በሁለተኛው ቀን ወደተቀመጥንበት መጣና ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሣ። «እናቶቼ፣ በአክብሮት እለምናችኋለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ ዛፍ ወዲህ አትለፉብኝ» አለን።

የበረኛው እናት ምላሷ አያርፍም። «ለምን? እንናከሳለን?» አለችው።

«የለም። ልጅ እናቱን ካየ ሲወድቅ ተኝቶ ይቀራል።»

«ካላየስ?»

«ካላየማ ይነሣል።»

እሱ ፊቱን ካዞረ በኋላ «ይኼ ሰውዬ ሌሊት ዳቦ ሲጋግር አድሮ፣ ቀን ደግሞ ልጆቻችንን ሊጋግርልን መጣ» አለችኝ። ሳቅኩ። ሆዴ ግን አልሳቀም። ከዛፉ ሥር ሆኜ ልጄ ሲወድቅ ሳየው ቀሚሴን በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር። ደግሞ ተነሣ። ዘወር ብሎም አልፈለገኝ።

ኳሷን የሰጣቸው ቀን አንድ ነገር ጠየቃቸው። «ሌባ ቤታችሁ ገብቶ ዕቃችሁን ይዞ ሲወጣ ቆማችሁ ታያላችሁ?»

«ኖ» አሉ።

«ታዲያ ኳሷን ሲወስዱባችሁ ለምንድን ነው ቆማችሁ የምታዩት? ተቀማን በሉ! ጮክ ብላችሁ! የቀረበው ይያዘው፣ የራቀው መንገድ ይዝጋ፣ በረኛውም ቢሆን እንዳይቆም!»

በጊዜው ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር። ቡድኑን የቀየረችው ግን እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ኳስ ከእግራቸው በወጣች ቁጥር «ተቀማን!» የሚል ጩኸት ሜዳውን ያናውጠዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደ ንብ ይነሣሉ። አማርኛ አፋቸው ላይ የሚከብዳቸው ልጆች ይቺን ቃል ግን እንደ ስማቸው አወቋት። ከሌላ ሰፈር የሚመጡ ተጋጣሚዎች ጩኸቱን ሲሰሙ ኳሷን እንደ ፍም ይወረውሯታል። አንዴ አንዲት የተጋጣሚ እናት ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ የበረኛውን እናት ጠየቀቻት። የእኛዋም ያለቻትን እንግሊዝኛ አሰባስባ «ሚንስ… ጎ ሆም!» አለቻት።

ማሸነፍ ጀመሩ። ሲያገቡም እንደ ድሮው አይጨፍሩም፤ ወዲያው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ሜዳ ላይ ሳቅ ቀነሰ። ልጆቹ ሲተነፍሱ እዛፉ ሥር ድረስ ይሰማኝ ነበር። እንዲያው ለመናገር፣ የጋሼ ቡድን ሲጫወት ደስ ይላል፤ የዚህኛው ሲጫወት ግን ዓይንሽን መንቀል አትችዪም።

እቤቴም ውስጥ ሰው ተቀየረ። ልጄ ሊፍቱን ትቶ ደረጃውን እየዘለለ መውጣት ጀመረ። ገና በሩ ሳይከፈት እግሩን አውቀዋለሁ። ትከሻው ቀና አለ። የቆሻሻውን ከረጢት ሳላዘው ያወርዳል። ጠዋት ጠዋት አልጋው ተነጥፎ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን «ታኬታህን ከምንጣፌ ላይ አንሣ» ስለው «እሺ፣ እማ» አለኝ። በአማርኛ! ወጥ ቤት ገብቼ ብቻዬን ሳቅኩ። ከሰዓት ሶፋው ላይ ሸለብ ሲያደርገው እግሩ ብቻውን ይሮጣል። ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ደስ ይለኛል፤ ደግሞ እፈራለሁ። ከእጄ እየወጣ ያለ ነገር እንዳለ ይሰማኝ ነበር፤ ወደ ጥሩ ይሁን ወደ መጥፎ ግን አላውቅም።

አንድ ቀን ልምምድ ሲያልቅ ድፍረት አግኝቼ አሠልጣኙን ጠጋ አልኩት። «እባክዎ፣ ልጄን ቀስ አድርገው ይያዙልኝ። አንድ ነው ያለኝ።»

«አንድ ስለሆነማ ነው፣ እሜቴ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ምን ማለቱ እንደሆነ እስከ ስትሪትካሩ መቆሚያ ድረስ እያሰብኩ ሄድኩ።

ሌላም የሚላቸው ነገር ነበረው። ሲደክማቸውና ውሃ ውሃ ሲሉ መሃላቸው ቆሞ «ማነው የሚያዝዘው? አንተ ነህ ወይስ ሆድህ?» ይላቸዋል። «እኔ!» ይላሉ። «አልሰማሁም!» «እኔ!» ይኼንን እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሩጫ ማስጨረሻው ነበር። ጨርሰው ሲመጡ የውሃውን ጠርሙስ የሚያቀብላቸው ራሱ ነው። ከአፋቸው የወጣው ቃል ሜዳው ላይ የሚቀር መስሎት ነበር፤ እኔም እንደዚያው።

ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ገባች። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበረ ልምምዱ ረፋድ ላይ ነው፤ አሠልጣኙ ከሌሊት ሥራው ወጥቶ ሳይተኛ ይመጣል። እኔ ቢሮ የማጸዳው ማታ ስለሆነ እዛፌ ሥር እቀመጣለሁ። ገና ጾሙ ሳይያዝ ልጄን አስቀምጬ ነገርኩት። «አንተ ልጅ ነህ፣ ደግሞ ትሮጣለህ። ከሥጋና ከወተት ከተከለከልክ ይበቃሃል። ምሳህን ብላ፣ ውሃህን ጠጣ። የንስሐ አባታችንም እንደዚሁ ብለዋል።»

«እሺ፣ እማ።»

እሺ ብሎኛል! በየቀኑ ሩዝ በምስር እየቋጠርኩ፣ ከልምምድ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር እንዲበላ በላስቲክ ሣህን እሰጠዋለሁ፤ ሣህኑ ተልሶ ይመለሳል። እኔ ራሴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም አብሬው ቀርቤ አልበላም። የበረኛው እናት ደግሞ በዚያው ሰሞን ትነጫነጫለች። የእሷ ልጅ ጨጓራውን ስለሚያመው እንዳይጾም ከልክላዋለች። «አንቺ፣ ልጄ እኮ እየሮጠ ይወፍራል! ማልያው ሊቀደድ ነው! ይኼ ዳቦ ጋጋሪ እየደበቀ ዳቦ ያበላዋል መሰለኝ» ትለኛለች። በሳቅ ሞትን።

እንግዲህ ወደዚያች ረፋድ ደረስን።

ልጄን ሳየው ብድግ አልኩ። የበረኛው እናት ቀሚሴን ያዘችኝ። «ተቀመጪ! ይቆጣሻል።»

«ይቆጣ!»

ከዛፉ አልፌ ሮጥኩ። አንዱ ነጠላ ጫማዬ እመንገድ ቀረ፤ የታጨደው ሣር እግሬን ይወጋኛል። «አቁሙ! አቁሙ!» እያልኩ እጮኻለሁ። ፊሽካው ተነፋ። አሠልጣኙም አይቶት ኖሯል፤ ከወዲያ እሱ፣ ከወዲህ እኔ እኩል ደረስን። ልጄ ጉልበቱ ታጠፈ፤ ገና ሳይወድቅ አሠልጣኙ ደረቱ ላይ ተቀበለው። ሣሩ ላይ አስተኛነው። ግንባሩን ነካሁት፤ ፀሐይ ላይ እንደዋለ ድንጋይ ያቃጥላል።

«አይም ፋይን፣ እማ» አለኝ። ምላሱ አፉ ውስጥ ተጣብቆ ነበር።

«ውሃ አምጡ!» አለ አሠልጣኙ። ጠርሙሱ መጣ። ከአፉ አስጠጋለት። ልጄ ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን አዞረ።

«ጠጣ።»

«አልጠጣም።»

ያ ልጅ አሠልጣኙን «አልሠራም» ብሎት አያውቅም። ከወዲያ በመንገዱ ስትሪትካር ሲያልፍ ብረቱ ሲጮኽ ብቻ ይሰማል። ይኼን ጊዜ በረኛው ጓንቱን እንዳደረገ ከኋላ እያለቀሰ መጣ።

«ጾመኛ ነው እኮ! ውሃም አይቀምስም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት! ምሳውን እኔ ነኝ የምበላለት! እንዳልናገር አስምሎኝ ነው!»

እኔ ምድር ዞረችብኝ። እላዩ ላይ ተደፍቼ «ጠጣ ልጄ፣ ስለ ማርያም፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ ጠጣ!» እላለሁ። ጠርሙሱን ከአሠልጣኙ ቀምቼ ከንፈሩ ላይ አደረግሁት፤ ውሃው በጉንጩ ወርዶ ሣሩ ውስጥ ገባ። ያ ውሃ መሬት ሲገባ ሳየው የሆንኩትን እስከ ዛሬ ልነግርሽ አልችልም።

ልጄ ግን እኔን አላየኝም። አሠልጣኙን ነበር የሚያየው። ፈገግ ለማለት እየሞከረ፣ «ሆዴ አያዝዘኝም፣ ኮች» አለው።

አሠልጣኙ ፊቱ ተለዋወጠ። አንድ ሰው ከኋላው የመታው ነው የመሰለው። ከዚያ ያ ቆሞ የሚውል ሰውዬ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። እግሩን አጣጥፎ፣ ከልጄ ፊት ለፊት፣ ቁጭ አለ።

«ስማኝ» አለው፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እኔም ጾመኛ ነኝ። ሌሊቱን ምድጃ ፊት ቆሜ ነው ያደርኩት፤ ከትናንት ወዲህ አልቀመስኩም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ጾም አይወራም ብዬ። አንተም እንደዚያው። ግን እኔ አርጅቼበታለሁ፣ ሰውነቴ ያውቀዋል። አንተ ገና እየተሠራህ ነው። እኔ ያልኩህ ለሩጫው ነው፣ የኔ ልጅ። ለሩጫው ብቻ ነው።»

የልጄ ዓይን ክድን ክድን ማለት ጀምሯል።

«አትተኛ! እየኝ!» አለው አሠልጣኙ። አማተበ። ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደና ራሱ ጠጣ። ጉሮሮው ሲወጣ ሲወርድ ሁላችንም አየነው። አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ይኸው፣ እኔ ፈታሁ። ሰዓቴ ሳይደርስ ፈታሁ። የሚጠየቀው እኔ ነኝ። አሁን ተራው ያንተ ነው። አሠልጣኝህ ነኝ፤ ታዘዘኝ።»

ልጄ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ አፉን ከፈተ። እኔ አንገቱን ደግፌ ይዤው ነበር። የመጀመሪያውን ጉንጭ ሲውጥ በእጄ ላይ ተሰማኝ።

አሠልጣኙ ቀና ብሎ ልጆቹን አያቸው። «ሌላ ጾመኛ አለ?»

እርስ በርስ ተያዩ። አንድ እጅ ወጣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ «ዚስ ኢዝ ክሬዚ» ያለው ልጅ እጁን አወጣ። ከበረኛው በቀር ያልወጣ እጅ አላየሁም። እያንዳንዱ ብቻውን የሚጾም መስሎት ነበር። እኛ ቤት ውስጥ «እዚህ ያደገ ልጅ የት ያውቀዋል» እያልን የምናማቸው ልጆች!

«ወይ ጉድ!» አለች የበረኛው እናት፣ ጫማዬን ይዛ እንደደረሰች፤ «የእኔው ብቻ ነው አረመኔ?»

አሠልጣኙ «ሁላችሁም ጠጡ» አለና ተነሥቶ ጀርባውን ሰጠን።

የበረኛው እናት እየሮጠች ከጥጉ የሕዝብ ስልክ አምቡላንስ ጠራች። አምቡላንሱ ከአንድ ሰው በላይ አብሮ አይጭንም ብለው እኔን ብቻ አስገቡኝ። አሠልጣኙ በስትሪትካር ይመጣል ብዬ ነበር፤ ሮጦ መጣ። እኛ ሐኪም ቤት ገብተን ልጁ ክንዱ ላይ መርፌው ተሰክቶለት፣ ውሃው ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር፣ በሩ ላይ ፊሽካው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ሲያለከልክ አየሁት።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ቀስ እያለች በእንግሊዝኛ ታስረዳናለች። እኔ አልገባኝም፣ አሠልጣኙም አልገባውም። ሁለታችንም ልጁን አየነው። እሱም ተኝቶ፣ ክንዱ ላይ ያ ቱቦ እያለ፣ እንደ ሁልጊዜው ያስተረጉምልኝ ጀመር፤ ስለ ራሱ እንዳልሆነ ሁሉ። «ልጁ ውሃ አንሶት ነው ትላለች። ሌላ ነገር የለበትም ትላለች። እናትየው አትፍራ ትላለች።»

«እናትየው ትፈራለች በላት» አልኩት።

ነገራት። ሐኪሟ ሳቀችና እጄን ያዝ አደረገችኝ።

ቡድኑ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ብትዪኝ፣ ልምምዱ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሆነ። እናቶችም ከዛፉ ወዲህ እንድንሻገር ተፈቀደልን። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት እዚያው ሣሩ ላይ አብረን እንፈታ ጀመር፤ አሠልጣኙ ሁሉም ጎርሶ መጠጣቱን ሳያይ ፊሽካ አይነፋም። ሩጫው ቀነሰ ወይ? አልቀነሰም። ግን ሲሮጡ አንዱ አንዱን ዘወር እያለ ያይ ነበር። ያን ክረምት ለዋንጫ ደርሰው ተሸነፉ። ሲሸነፉ ጋሼ ድንገት ከመንገድ መጥቶ ኖሮ፣ ከዚያ ግዙፍ መኪናው መስኮት ብቅ ብሎ «አየኋችሁ እኮ!» ብሎ ጮኸላቸው፤ ልጆቹም ሜዳውን ጥለው ወደ እሱ ሮጡ። አዲሱ አሠልጣኝ ያን ቀን ነው ሲስቅ ያየሁት።

ኋላ የዳቦ ፋብሪካው ሥራ ቀረና እሱም ወደ ምዕራብ ሄደ። አንድ ሁለቴ ደወለ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። እነዚያ ፎቆችም ፈርሰው በሌላ ተተኩ፤ ዛፋችን የነበረችበት ቦታ አሁን መንገድ ነው። ልጄ ራሱ ዛሬ ፀጉሩ ሳስቷል፤ ስደውልለት «እሺ፣ እማ» ይለኛል።

ያን ዕለት ግን ከሐኪም ቤት ሲያሰናብቱን ገና ብርሃን ነበር። የነሐሴ ፀሐይ ፎቆቹን በአንድ ጎናቸው ወርቅ ቀብታቸዋለች። በስትሪትካር ተመለስን። ልጄ ትከሻዬ ላይ ተደግፏል፤ አሠልጣኙ ወንበር እያለ ከፊታችን ቆሞ ከልሎናል፣ ልክ አንድ ሰው ሊነጥቀን እንደሚመጣ። በር ድረስ አደረሰንና «ልሂድ» አለ።

«እንዴት ይሄዳሉ? እህል አልቀመሱም እኮ። እኔም አልቀመስኩም።» ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

ገባ። ልጁን ሶፋው ላይ አስተኛልኝና እግሩ ሥር ትራስ አደረገለት። ዳቦና ምስር ወጥ አቀረብኩ። ብርጭቆውን ሲያነሣ ውሃው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እኔም አላየሁም አልኩ።

«አገር ቤት አንድ ልጅ አለኝ» አለኝ፣ ዓይኑን ከልጄ ሳይነቅል። «የዚህ እኩያ ነው። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።»

ዳቦ ቆርሼ በእጁ ሰጠሁት። ተቀበለኝ። አብረን በላን። የልጄ ትንፋሽ ይሰማ ነበር፤ ሁለታችንም እሱን ነበር የምንሰማው።

ለሥራው ሰዓት ሲደርስ ተነሣ። «ዛሬ እንኳ ይረፉ» አልኩት። «ዳቦው አይጠብቅም፣ እሜቴ» አለ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ ልጁን አንዴ አየውና ወጣ።

ቆለፍኩ። መቀርቀሪያውንም ጣልኩ። ከሶፋው ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ጀርባዬን አስደገፍኩ። ልጄ ከእንቅልፉ ሳይነቃ እጁን አወረደና ራሴ ላይ ጣለው። ከባድ እጅ ሆኖ ነበር፤ የትልቅ ሰው እጅ። አልነቀነቅኩትም።

ስልኩ ሲጮኽ ቶሎ አነሣሁት። የበረኛው እናት ናት።

«እንዴት ሆናችሁ? ንገሪኝ፣ ልቤ ሊወጣ ነው።»

«ገብተናል» አልኳት። «በልቻለሁ። ልጄ አጠገቤ ተኝቷል። ደህና ነን።»